ናይት፣ ላይት በውርድ ንባብ

በሕይወቴ የሰው እንቁላል እንኳ አንስቼ አላውቅም። ቢሆንም አንድ ክረምት፣ ጎንደር ከተማ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ በእግርሽ ሰርቀሻል ተባልሁ። ይህን ሳወራ ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ያን ቀን ግን የሚስቅ አልነበረም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ኮሶዬ፣ ከደባርቅ መንገድ ገባ ብላ ባለች ደብር ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፣ እኔ አባ እላቸዋለሁ። ግቢያችን ዝም ብሎ አያውቅም። የቤተ ክህነት ትምህርት በአፍ ነው፤ አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ ሁሉም በየፊናው ይጮኻል። እንግዳ ሰው ገበያ ይመስለዋል። አባቴ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሳተችዋን አንዲት ቃል ለይተው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ መልስ ይላሉ። የሳተውም ልጅ ይመልሳል።

እኔ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ የተኩስ ወሬ በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤታችንም በሩን ሲዘጋ፣ ዕድሜዬ ቤት ውስጥ አለቀ። መጨረሻ ላይ ፈተናው ይሰጣል ተባለ። ተዘጋጅተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። አዘዞ ሻይ ቤት ያላት አክስቴ ሰው ቸግሯት እኔን ትጠብቅ ነበር። ለእናቴ፣ ትፈተን፣ ካለፈች እሰየው፣ ከወደቀች ግን ሌላ ዓመት ቤት አታስቀምጫት፣ ላኪልኝ ብላታለች። እናቴም እሺ ብላለች። ሻይ መቅዳት ነውር የለውም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አዋላጅ ነርስ መሆን ነበር የምፈልገው፤ እሱም ሳልሞክረው ከእጄ ሊወጣ ነው።

ሒሳቡም ባዮሎጂውም እንደምንም ይገፋል። ገደሉ እንግሊዝኛ ነበር። ቃላት የታተሙበት አንድ ያረጀ መጽሐፍ ይዤ ጓዳ ገብቼ አነበንባለሁ፤ ጧት ያጠናሁት ማታ የለም። አንድ ቀን አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያዳምጡኝ አየሁ።

«ምነው፣ የሰረቀ ሰው ይመስል ታንሾካሽኪያለሽ?» አሉኝ። «ቃል በአፍ ካልተጮኸ ሆድ ውስጥ አይቀመጥም።»

ዝም አይነቅዝም ይባል የለም ወይ አልኋቸው፣ ብስጭት ብዬ። የአንቺ ግን ነቅዟል፣ ከጧት ጀምሮ አንዲት ቃል ስታላምጪ እሰማለሁ አሉና ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቁጠሪልኝ አሉ። መቁጠር በእነሱ ቤት ሒሳብ አይደለም፤ የቃሉን ፊደል አንድ በአንድ መጥራት ነው። ቆጠርሁላቸው፤ ኤን፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ፤ ናይት። ሌላ አሉኝ። ከሌላ ገጽ አወጣሁ፤ ኤል፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ፤ ላይት። እጃቸውን አነሡ። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ጆሯቸው ግን በቅኔ ያረጀ ጆሮ ነው። እነዚህ ቤት ይመታሉ እኮ አሉኝ፤ ጅራታቸው አንድ ነው፤ ዘመዳሞቹን ምነው በየገጹ በትነሽ ታሳድጃቸዋለሽ፤ ቤት የሚመቱትን ሁሉ ለቅመሽ በአንድ ጉባኤ አስቀምጫቸው።

ለቀምኋቸው። ናይት፣ ላይት፣ ራይት፣ ሳይት፣ ፋይት፣ ታይት፣ ብራይት። ከዚያ የቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን ወገን መጣ፤ ኔሽን፣ ስቴሽን፣ ኦፕሬሽን፣ ኢንፌክሽን። እነዚህስ ቤተሰብ አይደሉም፣ ነገድ ናቸው፤ ለቅሜ አልጨርሳቸውም። ከሁሉ የከፋው የኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ቤት ነበር። ፊደላቸው አንድ ሆኖ ድምፃቸው ለየቅል ነው፤ አንዱ ዞው ይላል፣ አንዱ ስሩ፣ አንዱ ኮፍ፣ አንዱ ረፍ። አባቴ መጀመሪያ አላመኑኝም፤ እኔ የሳትሁ መስሏቸው ደጋግመው አስቆጠሩኝ። ሲያምኑ ግን የምር አዘኑ። ከአንድ ማሕፀን ወጥተው የተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው አሉ፤ እንዲህ ያለ ቤት በእኛም አገር አለ፣ ፈረንጅ ብቻ አይደለም።

ቃላቱ ከተለቀሙ በኋላ እንዴት እንደሚጠኑ ሲነግሩኝ ድንበሩን ቀድመው አሰመሩ።

«ዜማው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለፈረንጅ ቃል አልሰጥም» አሉኝ። «ንባቡን ግን አበድርሻለሁ።»

ንባቡ ማለት ልጆች ዳዊት ከመድገማቸው በፊት የሚያልፉበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ ይመጣል፤ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ እሱም ቃሉን ጎተት እያደረጉ፣ ድምፅን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚያነቡት ነው፤ በመጨረሻ ሳይደናቀፉ የሚሮጡበት ቁም ንባብ። ቃሉ በሚወድቅበት ላይ አባቴ መቋሚያቸውን መሬት መታ ያደርጋሉ። እኔ መቋሚያ ስለሌለኝ በእግሬ መታሁ። ለተጣሉት ወንድማማቾች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አመታት ሰጧቸው፤ ለአንዱ ጠበቅ፣ ለአንዱ ላላ፣ ለአንዱ ደገም። እግርሽ ካልሳተ አፍሽ አይስትም አሉኝ።

የቃላቱን ትርጉም ልነግራቸው ስል ግን ከለከሉኝ። በእኛ ሥርዓት ንባብ ቤት ሳይጨርስ ትርጓሜ ቤት የሚገባ የለም አሉ፤ ንባቡ ሳይጸና ትርጓሜ ከገባ ሁለቱም ይፈሳሉ፤ አንቺ ፈተና ስላለብሽ ያዢው፣ እኔ ግን ገና ነኝ። ስለዚህ እሳቸው ድምፁን ብቻ፣ እኔ ድምፁንም ትርጉሙንም ይዘን ቀጠልን። ዳዊቱ በአንድ ወገን፣ ኢንፌክሽኑ በሌላ ወገን ሲጮህ የሰማ አንድ ጎረቤታችን ቄስ አጥር ላይ ተደግፎ፣ መሪጌታ፣ ፈረንጅ ሊያቀስሱ ነው ወይ ብሎ ቀለደባቸው። አባቴም መጀመሪያ ንባቡን ያጥና፣ ቅስናውን ኋላ እናያለን አሉት። እኔ በኀፍረት ልሞት ነበር። ቢሆንም ቃሉ ገባ። ማታ የያዝሁት ጧት እዚያው ይጠብቀኛል።

ለፈተናው ጎንደር አንድ ሰፊ ግቢ አስገቡን። ስልክ በር ላይ ቀረ፣ ወላጅም ከበር ተመለሰ። የመጀመሪያው ቀን እንግሊዝኛ ነበር። ፈታኛችን ከሩቅ አገር የመጣ ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል አልፈጠረበትም። ድምፅ የለም፣ ምልክት የለም አለን፤ ሁለቴ አስጠነቅቃለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን እወስዳለሁ።

ወረቀቱን ገለጥሁት። መጀመሪያው ደህና ሄደ። ከዚያ ባዶ ቦታ ሙሉ የሚለው መጣ፤ አራቱም ምርጫዎች ከተጣላው ቤት የወጡ ናቸው። አውቃቸዋለሁ። አያቸዋለሁ፣ ያዩኛል፣ አንዱም ማን እንደሆነ አይነግረኝም። ያኔ ነው የገባኝ፤ እነዚህን ቃላት አንድ ቀን እንኳ በዝምታ ጠርቻቸው አላውቅም። የማውቃቸው በአፌ ነው። አዳራሹ ጸጥ ሲል እነሱም አብረው ጸጥ አሉ። አዘዞ፣ የአክስቴ ሻይ ቤት፣ የብርጭቆው ድርድር ሳይቀር ታየኝ።

ሳላስበው ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀመረ። ፈታኙ መጥቶ ጠረጴዛዬን በጣቱ ቆርቆር አደረገና አንድ ብሎኝ አለፈ። ከንፈሬን ነከስሁ። የቀረኝ እግሬ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብዬ ጀመርሁ፤ ጠበቅ፣ ላላ፣ ደገም። እውነትም ቃሉ መጣ፣ ትርጉሙም ከኋላው ተከትሎት መጣ። እጄ ፈጠነ። አንዱን ሞላሁ፣ ሌላውን ሞላሁ፣ የናይትን ቤት፣ የኔሽንን ነገድ፣ ሁሉንም በእግሬ እየጠራሁ ሄድሁ። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ድምፁ ረብሿት ነው መሰል ወደ እኔ ዞር አለች። ያቺ መዞር ናት የበላችኝ።

ፈታኙ ከኋላዬ ቆሞ ጫማዬን ሲያይ ነበር። ለካ እንዲህ የሚሰርቁ አሉ፤ አንድ ጊዜ መታ ኤ፣ ሁለት ጊዜ መታ ቢ እያሉ በእግር የሚነጋገሩ። እኔ በየት አውቄ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ለማን ነው የምትነግሪው?» አለኝ።

ለማንም አልሁ። ለራሴ ነው አልሁ። ለእኔ ለራሴ እንኳ የሌባ መልስ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። እኔ ሲነኩኝ ከእንባ ቁጣ ነው የሚቀድመኝ። አባቴ ናቸው ያስተማሩኝ ብዬ ልጮኽ አፌን ስከፍት ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን እንደሚወስድ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ሁለት ነው አለና ከልጅቱ አርቆ ግድግዳ ሥር አስቀመጠኝ፤ ያየውንም ፊቴ ቆሞ ጻፈ።

የቀረውን ጥያቄ ጫማዬ ውስጥ አውራ ጣቴን ብቻ እየጫንሁ ሠራሁት። ስጫነው ጫማው እንዳይነቃነቅ እፈራለሁ፤ ካልተጫንሁት ደግሞ ቃሉ አይመጣም። ፈታኙ ሲራመድ ጣቴን እሰበስባለሁ፣ ሲርቅ እዘረጋለሁ። እንደዚያ ቀን ሰውነቴን የጠላሁበት ጊዜ የለም። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ፈታኙ ሳይቆጣ፣ ሳያለሳልስም ነገረኝ። ጉዳይሽ እስኪጣራ የእንግሊዝኛ ውጤትሽ ይያዛል አለ፤ መስረቅሽ ከተረጋገጠ ግን ፈተናሽ በሙሉ ይሰረዛል።

ፈተናው ሁሉ አልቆ ኮሶዬ ስመለስ አባቴ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሳልቀመጥ ነገርኋቸው። እናቴ ጉድ ብላ ደረቷን ያዘች፤ የአዘዞዋ እህቴ እኮ ደውላ ነበር፣ ምን ልበላት አለች። አባቴ ተማሪዎቻቸውን ሂዱ ብለው አሰናበቱና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ያን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ጸጥ አለ። ያ ዝምታ ከፈታኙ ይልቅ አስፈራኝ፤ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ኋላ ቀና ብለው ነገ አብሬሽ እወርዳለሁ አሉኝ።

ይቅር፣ አይሂዱ አልኋቸው። የፈራሁት ለእሳቸው ነው። ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከበር ወደ በር፣ ቆይ አባት፣ ዛሬ አይደለም አባት ሲባሉ ማየት አልፈልግም። ልጄን ሌባ ብለዋት እኔ ቤት ልቀመጥ ወይ አሉኝ።

በነጋታው በሚኒባስ ወረድን። አባቴ መንገዱን ሁሉ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀመጡ። የሌላ ዙር ተፈታኞች ገና ስላልጨረሱ ፈታኙ ከግቢው አልሄደም ነበር። በር ላይ ብዙ ካስቆሙን በኋላ የፈተናው ኃላፊ፣ መነጽር ያደረጉ ደርባባ ሴት፣ ቢሯቸው አስገቡን፤ ፈታኙንም አስጠሩት። አባቴ ወንበር ቢሰጣቸው አልቀመጥም አሉ።

«ልጄ አልሰረቀችም» አሉ። «እግሯን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እሷን ፈትናችኋል፤ አሁን እኔን ፈትኑኝ።»

ኃላፊዋ በትሕትና እንግሊዝኛ ይችሉ እንደሆነ ጠየቋቸው። አንዲት ቃል አልችልም አሉ። ኃላፊዋና ፈታኙ ተያዩ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድሁ። ታዲያ በምን እንፈትንዎ አለ ፈታኙ። አባቴም ቤት ስጠኝ አሉት። አልገባውም። እኔ ነኝ ያስረዳሁት፤ እርስዎ አንድ ቃል ይጥሩ፣ እሳቸው ደግሞ ፊደል የሚጋሩትን ዘመዶቹን ይጠራሉ አልሁት። ትንሽ አሰበና ናይት አለ።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መቋሚያው ወለሉን መታ። ናይት አሉ፣ ላይት አሉ፣ ራይት አሉ፣ ጎተት አድርገው፣ ለአዲስ ተማሪ ዳዊት እንደሚያስጀምሩት። ፊደሉን ቆጠሩ፣ በውርድ አነበቡ። በኮሪደሩ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ። ፈታኙ ሳያስጨርሳቸው ሌላ ጣለላቸው፣ እንደሚመስለኝ ሆን ብሎ ከባዱን፤ ስሩ። የተጣላው ቤት። በዚህ ቤት እሳቸውም ይሳሳታሉ። ዞው አሉ፣ ስሩ አሉ፣ ኮፍ አሉ፤ ከዚያ ቆሙ። ቃሉ ጠፋቸው። መቋሚያው እንደተነሣ አየር ላይ ቀረ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእግሬ ድምፅ ተሰማ። እኔ አላዘዝሁትም፤ መቋሚያው ሲቆም እግሬ በራሱ ቀጠለ። ልይዘው ብል አልያዝ አለኝ። በሌባነት የተከሰስሁበት እግር ከሳሹ ፊት ያንኑ ሥራውን ሠራ። አለቀልኝ አልሁ በልቤ። አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አመታቱን ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ረፍ አሉ፣ ኢነፍ አሉ፣ ቤቱን ጨረሱት። ቀና ስል ፈታኙ የሚያየው አባቴን አልነበረም። ጫማዬን ነበር።

ብዙ አየው። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞሮ ያን ቀን ያየሁት ይህንኑ ነው አላቸው። ይህንን ደግሞ ጽፌ ከመጀመሪያው ጋር አያይዘዋለሁ አለ፤ ውሳኔው ግን የበላይ ስለሆነ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም። ኃላፊዋ ሊሸኙን ተነሥተው፣ አባታችን፣ ለመሆኑ እነዚህ ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ያውቃሉ ወይ አሏቸው።

«አላውቅም» አሉ አባቴ። «ንባቡ የእኔ ነው፣ ትርጓሜው የእሷ። እሷ ከወደቀች እኔም ንባብ ላይ ቀረሁ ማለት ነው።»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ዝናቡ አላባራም፣ አክስቴም ከመደወል አላባራችም። ልብሴን በቦርሳ አድርጌ ለአዘዞ አዘጋጀሁ፤ እናቴ አየችው፣ እኔም እንዳየችው አየሁ። አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ እንግሊዝኛውን አንዴም አላነሡትም። እኔ ግን አንዳንድ ጧት ከደጅ ስገባ የመቋሚያቸው ጫፍ ቀስ ብሎ መደቡን ሲነካ እሰማለሁ፤ ጠበቅ፣ ላላ፣ ደገም። ስገባ ያቆማሉ።

ውጤት ተለቀቀ ሲባል ኢንተርኔት የሚገኘው አስፋልቱ ዳር፣ ምግብ ቤቶቹ ዘንድ ስለሆነ በጭቃ ወጣሁ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ስልኩ ላይ ገጹ እየተቆራረጠ ይከፈታል፤ ስሜ መጣ፣ ሒሳቡ መጣ፣ የእንግሊዝኛው ቦታ ባዶ ሆነ። ተሰርዟል ብዬ ስልኩን ልወረውር ስል ቁጥሩ ብቅ አለ። ሸጋ ውጤት ነው ብዬ አልዋሽም። ግን ይበቃል። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልሁ፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት የታመምሁ መስሏት ውኃ ይዛ ሮጠች።

ቤት ስደርስ አባቴ መደባቸው ላይ ሆነው ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ነበር። አለፍሁ አልኋቸው። ተመስገን አሉ። ተማሪዎቹን ለዛሬ ይብቃችሁ ብለው አሰናበቱ። ከዚያ ከመደቡ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አደገደጉ፣ ተማሪ በሚቀመጥበት መሬት ላይ ተቀመጡና በእጃቸው የራሳቸውን ቦታ አሳዩኝ። እኔ በዚያ መደብ አጠገብ ሳልፍ ቀሚሴን ሰብስቤ የማልፍ ልጅ ነኝ፤ እንኳንስ ልቀመጥበት። አይሆንም አልሁ። ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥሁ።

«ንባቡን ጨርሻለሁ፣ የኔታ» አሉኝ። «ትርጓሜውን አስጀምሩኝ።»

አንቱ አሉኝ፣ አባቴ። ድምፅ ቢያቅተኝ በእግሬ መሬቱን መታሁ፤ እሱ ቃሉን ጎትቶ አመጣልኝ። ናይት አልሁ፤ ሌሊት።

«ሌሊት» አሉ አባቴ፣ ጎተት አድርገው።